ብርድ የሚወድ ባቄላ

ኤርፉርት፣ ጀርመን
ጥር 18 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ ለመሪጌታ ደባልቄ፤

ባሕርና በረሃ ቢለየንም፣ እንደ ልጅነታችን ጉልበት ስሜ ሰላም እላለሁ። እርስዎ እንደምን ከርመዋል? እትዬ ጤናዬስ? አምባችሁ ከበሽታ፣ ደጃችሁ ከክፉ ወሬ ተጠብቆ እንደሚገኝ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አምላክ ይመስገን በሕይወት አለሁ፤ ከጉልበት ቁርጥማት በቀር የምነግርዎ ሕመም የለኝም።

ለረጅም ጊዜ ዝም ማለቴ እንዳስቀየመዎ አውቃለሁ። ሁለቱ ጀርመኖች አንድ ሲሆኑ እሠራበት የነበረው የዘር ጣቢያ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ከከተማው ዳር በተከራየኋት ቁራሽ መሬት አትክልት እየኮተኮትኩ እኖራለሁ። የሚጻፍ ደስታ ሳጣ ብዕር ማንሣት ከበደኝ። ዛሬ ግን አንድ ነገር አየሁና ለእርስዎ ካልጻፍኩ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ተረዳሁ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። የገበሬዎቹ ገበያ በዚህ አገር በክረምትም አይታጠፍም። በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚት ሞልቶ፣ የሰው ትንፋሽ እንደ ጭስ እየወጣ፣ ገበሬዎቹ ጣቱ የተቆረጠ ጓንት አጥልቀው ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ድንችና ፖም ይሸጣሉ። ሰው በዚህ ብርድ ከቤቱ ለምን ይወጣል እያልኩ ስዞር፣ ፖም ከምትሸጥ አንዲት አሮጊት ጠረጴዛ ጥግ አንድ ከረጢት ደረቅ ባቄላ አየሁ። እጄን ከተትኩ። መሪጌታ፣ መልሼ ማውጣት አቃተኝ።

የዚህ ከተማ ተወላጅ ራሱን በባቄላ ስም ይጠራል። በቀደመው ዘመን ከኪሱ ባቄላ አይለይም ነበር ይባላል። አሮጊቷም ዘሩን ከአያቷ እንደወረሰች አፏን ሞልታ ነገረችኝ። እኔም ለመብለጥ ብዬ የአያታችንን ባቄላ ነገርኳት፤ የደላንታውን፣ አበባው እንደ ሌላው ባቄላ ነጭና ጥቁር ሳይሆን ቀይ የሆነውን። አዳመጠችኝና «ታዲያ የት አለ?» አለች። ቅናት ኃጢአት መሆኑን ከእርስዎ ጋር በአንድ መምህር እግር ሥር ተምሬአለሁ፤ ዛሬ ግን በአንዲት አሮጊት ከረጢት ቀናሁ።

ደላንታ የነበረው ዘር በሰባ ሰባቱ ድርቅ ተበልቶ ማለቁን ሰምቻለሁ። የተረፈው አያታችን ለእርስዎ ያስረከቡት፣ እርስዎም በሰፈራው ጊዜ በብብትዎ ይዘው አሶሳ የገቡት የዘር ቅል ብቻ ነው። ከዚያ ቅል አንድ እፍኝ ይላኩልኝ። አፈሩ ይስማማዋል፤ ብርዱም እንደ ደላንታ ብርድ አጥንት ይገባል።

የሚያስፈልግዎ ነገር ቢኖር ሳይሰቀቁ ይጻፉልኝ።

በረከትዎ አይለየኝ።
ታናሽ ወንድምዎ ፈንታ

⁂

አሶሳ
ነሐሴ 5 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለፈንታ፤

የፍልሰታን ጾም በሰላም ያስጀመረን አምላክ አንተንም ባለህበት ይጠብቅህ። እኔም ጤናዬም ደኅና ነን። ደብዳቤህ በሚያዝያ ደርሶኛል። እስካሁን ያልመለስሁት ስለዘነጋሁህ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያኑም እርሻውም እኔን ስለሚጠብቅ ነው። ሥራ የሌለው ሰው ፈጥኖ ይጽፋል፤ ሥራ ያለው ጊዜ ጠብቆ ይመልሳል።

የክረምት ገበያ አየሁ ብለህ ጽፈሃል። እኔም ክረምት አለኝ፤ ገበያም አለኝ። ትናንት ቅዳሜ ከጤናዬ ጋር አሶሳ ገበያ ወጥተን ነበር። ያንተ ገበያ በረዶ ቢኖረው የእኛ ጭቃ አለው፤ እግር ሲነሣ ጫማ ይቀራል። አሶሳ የክልል ከተማ ከሆነች ወዲህ ቢሮ በየጥጉ ተከፍቷል፤ ከየአገሩ የተመደበው ሠራተኛ ሱሪውን ሰብስቦ፣ በአንድ እጁ ዘንቢል በሌላው ጫማውን ይዞ ይገበያያል። ዋጋ ሳይከራከር ስለሚገዛ ገበሬው ወዶታል፤ እኛ ግን ሽንኩርት በእርሱ ምክንያት ተወዶብናል። የአገሩ ተወላጆች በርታዎች የቀርከሃ ቡቃያና ባሚያ ያመጣሉ። በሰፈራ የመጣነው በርበሬ፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት እናወጣለን። ከቤጊ በላይ ካለው ደጋ ደግሞ ዲንሳ የሚባል ገበሬ በበቅሎ ገብስና ባቄላ ጭኖ ይመጣል።

ጤናዬ የምትቀመጠው ኸድራ ከምትባል የበርታ ሴት አጠገብ ነው። ጤናዬ ነጋዴ አይደለችም፤ አንድ ጣሳ ሸጣ ግማሽ ጣሳ ምራቂ ትጨምራለች። ስቆጣት «ምራቂ የሌለው ገበያ ወፍጮ ቤት ነው» ትለኛለች።

ስለ ባቄላው ጠይቀሃል። በጓሮዬ ዘርቼዋለሁ፤ አበባው እንደ ማሕሌት ካባ ቀልቶ፣ ንብ እየወረደበት፣ አላፊ አግዳሚ ቆሞ ያየዋል። ለግብርና ቢሮ ሰዎች ላሳይ ብዬ ትናንት አንድ ግንድ ነቅዬ ገበያ ይዤ ወጣሁ። ኸድራ የተማረ ሰው ሁሉ ለእርሷ ሼኽ ነው፤ ከሩቅ አይታኝ «ሼኽ ደባልቄ፣ አምናም አበባ አመጣህ፣ ዘንድሮም አበባ አመጣህ። ባቄላ የት ነች?» አለችኝ፤ ገበያተኛው ሳቀ። ቀልደኛ ሴት ናት። ዲንሳም ግንዱን አይቶ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት ጤናዬ አንድ ጭብጥ ቃሪያ አስጨብጣ ወደ በቅሎው መለሰችው። ከገበሬ ጋር መከራከር ስለማልወድ ደግ አደረገች።

አያታችን ቅሉን ሲያስረክቡኝ «ከቤት አይውጣ» ማለታቸውን አትዘንጋ። ስለ እፍኙ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።

ለእኔ ምንም አትላክ፤ ሁሉ ሞልቶኛል። ጤናዬ ግን በዝናብ ስትቀመጥ ብርድ እየመታት ነውና ጃንጥላ ቢገኝ ትላለች።

ወንድምህ መሪጌታ ደባልቄ

⁂

ኤርፉርት
ኅዳር 28 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለመሪጌታ ደባልቄ፤

ጸሎትዎ በዚህ ብርድ እንደ ጋቢ ይሸፍነኝ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ የአሶሳን ጭቃ በጫማዬ ላይ ያየሁት እስኪመስለኝ።

የእትዬ ጤናዬን ጃንጥላ ለብቻው ልኬዋለሁ። ጥቁርና ሰፊ ነው፤ እዚህ ገበሬዎቹ ከጠረጴዛቸው በላይ የሚተክሉት ዓይነት ስለሆነ ሦስት ሰው ያስጠልላል።

ያች ፖም ሻጭ አሮጊት ወገቧን ስለታመመች ቅዳሜ ቅዳሜ አግዛታለሁ። ዛሬ አንዲት ሴት ሁለት ኪሎ ፖም ገዛች። እጄ ያገሩን ልማድ አልረሳምና፣ ሚዛኑ ከተነሣ በኋላ አንድ ፖም ጨመርኩላት። አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ተሳስተሃል፣ ይህን አልከፈልኩበትም» አለችኝ። ምራቂ መሆኑን ላስረዳት ቃል ፈለግኩ፤ በቋንቋቸው አጣሁለት። አሮጊቷም ሒሳብ የማላውቅ መስሏት ከዚያ በኋላ ሚዛኑን እርሷ ያዘች። እትዬ ጤናዬ እዚህ ብትነግድ ገበያተኛው ሁሉ እየመለሰላት ይመሽባት ነበር።

አሁን አንድ ነገር እንደ ባለሙያ ሳይሆን እንደ ልጅ ልጅ ልጠይቅዎ። ስለ አበባው አምረው ጽፈዋል። ኸድራም አምና አበባ፣ ዘንድሮ አበባ ብላለች። ስለ እሸቱ ግን በደብዳቤዎ አንድ ቃል የለም። ባቄላ ደገኛ ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት አበባውን ያራግፋል እንጂ ፍሬ አይዝም። አሶሳ ማንጎ የሚወልድ አገር ነው። ቅሉ በየዓመቱ እየጎደለ ከሆነ ይንገሩኝ። የባቄላ ዘር ደግሞ ዕድሜ የለውም፤ ሳይዘራና ሳይታደስ ሲቀመጥ ይሞታል። እርስዎ ዘሩ አለዎት፣ እኔ ብርዱ አለኝ። ሁለቱ ካልተገናኙ የአያታችን ባቄላ በእኛ ዕድሜ ያልቃል።

ደግሞም እውነቱን ልናገር። አያታችን ቅሉን ለእርስዎ ሲያስረክቡ እኔ ከጎተራው ጀርባ ቆሜ አይ ነበር። ቅኔ እርስዎን ያህል አልሆነልኝም፤ ድምፄም ለዜማ አልታደለም። ባቄላ መኮትኮት ግን ከእርስዎ እበልጥ ነበር፤ እርሳቸውም ያውቁ ነበር። ቢሆንም ቅሉን ለታላቁ ሰጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእርስዎ ስቀና ኖሬያለሁ። ከጉባኤው የጠፋሁት፣ እዚህ ድረስ መጥቼ ስለ ዘር የተማርኩትም በዚያ ቅል ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

አንድ እፍኝ፣ መሪጌታ። ከዚያ በላይ አልለምንም።

ታናሽዎ ፈንታ

⁂

አሶሳ
መጋቢት 2 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለፈንታ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ዐቢይ ጾም ስለገባ ቁጣዬን በልክ አድርጌ እጽፍልሃለሁ።

ጃንጥላህ ደርሷል። ዝናብ ባይኖርም ጤናዬ ለፀሐይ ተክላው ትነግድበታለች። ኸድራ ከነባሚያዋ ገብታበታለች፤ ዲንሳም ላቡ ሲያስቸግረው ጆንያውን ጎትቶ ጥጉን ይዟል። ከየት መጣ ያለ ሁሉ የማን እንደሆነ እየተነገረው፣ አሁን የአሶሳ ሰው «ፈንታ ጥላ ሥር እንገናኝ» እያለ ይቀጣጠራል። የክልሉ ሠራተኛም እንዲሁ ይላል። በዚህ አምባ አሥራ ሁለት ዓመት ማሕሌት ስመራ፣ ሕፃናት ሳስቆጥር፣ ሙት ስሸኝ በስሜ የተጠራ አንድ ጥግ የለም። አንተ እግርህ አሶሳን ሳይረግጥ የገበያው ማዕከል በስምህ ተጠራልህ። እንኳን ደስ ያለህ።

ወደ ባቄላው ልመለስ። ከጉባኤ ኰብልለህ፣ የመምህራችንን እንጀራ ረግጠህ አስኳላ የገባህ ሰው ባቄላ ደገኛ ነው ብለህ ታስተምረኛለህ። ደገኛ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም ደገኛ ነኝ፤ ቆላ ወርጄም አልሞትሁም። ብርድ አለኝ ብለህም ትኮራለህ። ብርድ የእግዚአብሔር ነው፤ በአንተ ሹመት የወረደ አይደለም። ሌሊት ላብ ሲያጠምቀኝ የደላንታን ውርጭ መመኘቴ የራሴ ጉዳይ ነው። ቅሉ ሙሉ ይሁን ጎዶሎ፣ የቅሉን ባለቤት ብቻ ይመለከታል።

ከጎተራ ጀርባ ቆሜ አየሁ ብለሃል። አያታችንም አይተውህ ነበር። ከኋላ የሚቆም ልጅ ቅል አይረከብም።

ባቄላ ናፈቀኝ ካልህ ግን ይኸው ባቄላ። ባለፈው ቅዳሜ ከዲንሳ ጆንያ አንድ ጣሳ ገዝቼ በጨርቅ ቋጥሬ፣ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄደው ለአስተማሪው ለእዩኤል ሰጥቼልሃለሁ፤ ከዚያ በፖስታ ያስተላልፈዋል። እንዳትሳሳት፤ የአያታችን አይደለም፤ የገበያ ነው። ቤቱን ጥሎ የሄደ ሰው ድርሻው የገበያ ባቄላ ነው። ብትሻ ዝራው፣ ብትሻ ቆልተህ ብላው።

ጤናዬ ስለ ጃንጥላው ታመሰግንሃለች። እኔም ሥርዓት ስለሆነ አመሰግናለሁ።

መሪጌታ ደባልቄ

⁂

ኤርፉርት
ሐምሌ 1 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣ ለአባቴ ምትክ ለመሪጌታ ደባልቄ፤

ሰላምታዬን ከየት እንደምጀምር አላውቅም። እጄ አፈር ነው፤ ሳልታጠብ ነው የምጽፍልዎ።

ቋጠሮዎ በሚያዝያ ደረሰኝ። ደብዳቤዎን አንብቤ ስጨርስ ከነጨርቁ ልጥለው ነበር። ቀጥሎም እንዳሉኝ ቆልቼ ልበላው መጥበሻ ጣድኩ። ግማሹን ከቆላሁ በኋላ እልህ ያዘኝ፤ የቀረውን ይዤ ወጣሁና መሬቴ ጥግ ላይ ዘራሁት። የገበያ ባቄላም ቢሆን ያገሬ ገበያ ነው አልኩ።

ዛሬ ጠዋት አብቦ አገኘሁት። ገሚሱ እንደማንኛውም ባቄላ ነጭና ጥቁር ነው። ገሚሱ ግን ቀይ ነው፣ መሪጌታ። ያ ቀይ። ተንበርክኬ አየሁት፤ ከአያታችን ጓሮ ሌላ የትም አይቼው የማላውቀው ቀይ ነው። ከታች ያሉት ግንዶች እሸት መያዝ ጀምረዋል።

ያን ጊዜ ስድብዎ ገባኝ። የአያታችንን ቃል በአፍዎ እንዳያፈርሱ «የገበያ ነው» ብለው ላኩት፤ ተራ ባቄላም ቀላቀሉበት። አፍዎ ሲከለክለኝ እጅዎ ሰጠኝ። በእርስዎ ላይ ያሰብኩት ክፉ ሁሉ አሳፈረኝ። ስቀናበት የኖርኩትን ሰው አላውቀውም ነበር።

አሮጊቷን አምጥቼ አሳየኋት። ብዙ ቆማ አየችውና ዘሩን ለክረምቱ ገበያ አወጣው እንደሆነ ጠየቀችኝ። በድምፅዋ ቅናት ነበረበት። ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

እግዚአብሔር ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ለእርስዎ ይጨምርልዎ።

ባለዕዳዎ ፈንታ

⁂

አሶሳ
ነሐሴ 25 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለፈንታ፤

ሰላምና ጤና ከአንተ ጋር ይሁን። ይህን ደብዳቤ ተቀምጠህ አንብብ፤ እኔም ስጽፈው ተቀምጬ ነው።

ያመሰገንኸኝ ምስጋና የእኔ አይደለም። የአያታችንን ዘር አልላክሁልህም። ከዲንሳ ጆንያ ገዛሁ ስልህ ከዲንሳ ጆንያ ገዝቼ ነው። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ በመጀመሪያ ዋሸህ አልሁ፤ እኔን ለማስቀናት ቀይ አበባ ፈጠረ ብዬ ደብዳቤውን ለጤናዬ አላነበብሁላትም። ነገር ግን ሰው ሊዋሸው የማይችለውን ጽፈሃል፤ ከአያታችን ጓሮ ሌላ የትም አይቼው የማላውቀው ቀይ ብለሃል። እኔም ከጓሮዬ በቀር የትም አይቼው አላውቅም። ዝም ብዬ በምስጋናህ መኖር እችል ነበር። ጥቂት ቀን ሞከርሁት። ጣፋጭ ነው፤ ግን የሌላ ሰው ካባ ለብሶ ማሕሌት እንደ መቆም ሆነብኝ።

ፍልሰታ ከመፈታቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ ጤናዬ፣ ኸድራና ዲንሳ በዚያ ባንተ ጥላ ሥር ተኮራምተው ተቀምጠዋል። ቆሜ ዲንሳን ጠየቅሁት፤ ይህ የምትሸጠው ባቄላ አበባው ምን ይመስላል አልሁት። ዲንሳ ወደ እኔ አልተመለከተም። ወደ ጤናዬ ተመለከተ። ጤናዬም ሽንኩርቷን መቁጠር ጀመረች። ኸድራ ሻሿን ወደ አፏ ወስዳ ሳቋን ያዘች።

በመጨረሻ ዲንሳ በአማርኛው እየተጠነቀቀ፣ አበባው ግማሹ ቀይ መሆኑን፣ ልጆቹ እንደሚወዱት፣ ዘሩን ያገኘው ግን ከዚህ ገበያ መሆኑን ነገረኝ። በሽግግሩ ጊዜ፣ ገና ክልሉ ሳይቋቋም፣ ከጤናዬ ነጭ ሽንኩርት ገዝቶ ሲነሣ በምራቂው ውስጥ አንድ እፍኝ ባቄላ አገኘ። ሊመልስላት ሲል «ብርድ ባለበት ዝራው» አለችው። ዘራው፤ ከራሱ ባቄላ ጋር ተደባልቆ በየዓመቱ ሲያፈራ ኖሯል። ያን ግንድ ይዤ የወጣሁ ዕለት አፉን የከፈተውም ይህንኑ ሊነግረኝ ነበር።

ወደ ጤናዬ ዞርሁ። ሰው ሁሉ ይሰማል። ከአያቴ ቅል፣ ያለ እኔ ፈቃድ፣ ለመንገደኛ እንዴት ሰጠሽ አልኋት። ቀና ብላ አየችኝ፤ አልፈራችም።

«ሰጠሁ እንጂ አልሸጥሁ» አለች። «ምራቂ ማን ያስፈቅዳል?»

«ከቤት አይውጣ ተብሎ የተሰጠ ዘር ነው» አልኋት።

«በየዓመቱ እዘራለሁ ትላለህ፣ አበባ ታቅፈህ ትገባለህ፣ ቅሉ ይጎድላል። አንተ አበባውን ወደድህ፤ እኔ ፍሬውን ፈለግሁ። ብጠይቅህ ትሰጠኝ ነበር?»

መልሱን ታውቀዋለች። ኸድራ ይህን ጊዜ ቦታ ለቀቀችልኝና «ሼኽ፣ ግባ ጥላ ውስጥ። ዝናብ ሼኽ አይለይም» አለችኝ። አልገባሁም። እየዘነበብኝ ብቻዬን ወደ አምባ ተመለስሁ።

ቤት ገብቼ ቅሉን አወረድሁ። ከአንተ ደብዳቤ በኋላ፣ ስለ እልህ፣ ዘንድሮ አልዘራሁም ነበር፤ አብዝቼ አስቀምጬዋለሁ ብዬ አምን ነበር። ክዳኑን ስከፍት ነቀዝ ጨርሶታል። እፍኝ አመድና ቀዳዳ ቀዳዳ ቅርፊት ነው። ፈንታ፣ አያታችን ካስረከቡኝ በእጄ የቀረው እርሱ ነው። አያቴ ሁለተኛ የሞቱብኝ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ቀናት የቀናሁበትን ብነግርህ ትገረማለህ። በአንተ ቀናሁ፤ ይህ አዲስ አይደለም። በዲንሳ ቀናሁ፤ ፊደል ሳይቆጥር፣ ቅል ሳይረከብ፣ የአያቴ አበባ በደጁ ያብባል፤ ልጆቹም ያዩታል። በበቅሎው ሳይቀር ቀናሁ፤ በየሳምንቱ ወደ ብርድ ትመለሳለች። ከሁሉ ይልቅ በጤናዬ ቀናሁ። አያታችን ዛሬ ከመቃብር ቢነሡ ቅሉን ለማን እንደሚሰጡ አውቃለሁ።

ትናንት ቅዳሜ ባዶውን ቅል አጥቤ፣ በጋቢዬ ሥር ይዤ ገበያ ወጣሁ። ዲንሳ ሳልጠይቀው አንድ ግንድ በእርጥብ ቅጠል ጠቅልሎ አምጥቶልኛል። ጫፉ ቀይ አበባ፣ ከሥሩ ግን እሸት ነበረበት፤ ወፍራም፣ የሞላ እሸት። አሥራ ሁለት ዓመት አበባና ፍሬ በአንድ ግንድ ላይ አላየሁም። አንዱን ፈልቅቄ ጥሬውን በላሁ። ኸድራ «አገኘሃት ባቄላህን?» አለችኝ። አገኘኋት አልኋት። ጥላው ሥር ተቀመጥሁ፤ ወደ ዳር ነው የተቀመጥሁት፣ ግን ተቀመጥሁ።

ከዚያ ለዲንሳ ቅሉን ሰጠሁትና አንድ ጣሳ ስፈርልኝ አልሁት። ዋጋ አልቀነስሁም፤ እንደ ክልሉ ሠራተኛ የጠየቀኝን ከፈልሁ። የአያቱን ዘር ከገበያ የሚገዛ ሰው ቢያንስ አይከራከር። ሰፍሮ ሲጨርስ እንደ ደንቡ እጁን ወደ ጆንያው ላከና አንድ እፍኝ ዘግኖ ያዘ። ቅሉ ሞልቷል፤ የሚጨመርበት ቦታ የለውም። በሕይወቴ ምራቂ ለምኜ አላውቅም፤ ተማሪ ሆኜ እንኳ የሰጡኝን ብቻ ተቀብዬ ነበር የምሄደው። ትናንት ግን ጋቢዬን ዘርግቼ ተቀበልሁ።

ቅሉን እዚያው ለዲንሳ መለስሁለት። በየክረምቱ ከቅሉ ይዘራል፤ አዝመራው ሲደርስ ቀይ ካበበው ላይ መርጦ መልሶ ይሞላዋል። እኔ በየዓመቱ በበጋ ወጥቼ አየዋለሁ። «ከቤት አይውጣ» የተባለው ቅል ከቤት ወጣ። አያታችን የሚጠይቁኝ ቀን የምመልሰውን እያሰብሁበት ነው።

ምራቂው ግን በዚህ ደብዳቤ ውስጥ፣ በጨርቅ ተቋጥሮ አለ። የተገዛ አይደለም፤ ከጆንያው በላይ የተጨመረ ነው፤ በእጄ ስለገባ የእኔ ነው። ያንን የሚያዝያውን አልሰጠሁህም። ይህን ግን ሰጥቼሃለሁ። ሚያዝያ ላይ ዝራው፤ ነጭና ጥቁር ያበበውን እየነቀልህ ቀዩን ብቻ አስቀር። በክረምቱ ገበያ አሮጊቷ የማነው ብትልህ፣ የአያቴ ነው በላት። የእኔን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ብትጠራውም አልቆጣም።

ባለፈው የላክህልኝን ምስጋና እንዳልተቀበልሁት ቁጠረው፤ ሳይገባኝ የመጣ ነበርና። ይህ ቋጠሮ ሲደርስህ እንደገና ጽፈህ ላክልኝ። አሁን ይገባኛል።

ጤናዬ ጃንጥላው አንድ ዘንጉ ስለተሰበረ እንዳታስብ ትልሃለች፤ ኸድራ በቀርከሃ ጠግናዋለች።

ወንድምህ ደባልቄ